ሀ የተባለው ውሻችን

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ የግቢውን በር ቀይ ሊቀባ የቀለሙን ቆርቆሮ ሲከፍት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ወንበሬን አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ተከተሉኝ። "አያቴ፣ ሽታው አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። አላመመኝም፣ አንድ ዘመን አስታወሰኝ ብላቸው ጊዜ ከበቡኝ። በአፌ ስጀምርላቸው አንዱን ይዤ አንዱን እየጣልኩ፣ የዳቦ ዋጋ ላይ ቆሜ ዋናውን እየረሳሁ አስቸገርኳቸው። ትልቋ "ተዪው፣ ጻፊው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ" አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረስኩት ልጅ ለማድረስ ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከዋርካ ሥር፣ ጀርባዬ ላይ ልጅ አዝዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለዚህ ነገሬ ቢዞርባችሁ ታገሡኝ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ወታደሮቹ ወርደው አዲሶቹ ከገቡ በኋላ ነው። ወላይታ ዞን ትሆናለች፣ ከተማችን ሶዶም መቀመጫዋ እየተባለ ሰው የሚያንሾካሹክበት ጊዜ ይመስለኛል፣ ሆናም ሊሆን ይችላል። እኔ ዘመኑን የምይዘው በሌላ ነው። ዳቦ በስሙኒ ነበር። ስሙኒ ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ ዛሬ ልጆቹ መንገድ ላይ ቢያገኟት ጎንበስ አይሉላትም። በሽልንግ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ የምትገዛ ሙዝ ለቤተሰብ ትበቃ ነበር። ባጃጅ በሕልምም አልመጣም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በጋሪ ነው፤ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ፈረሱ ቆሞ ዞር ብሎ ያየናል፣ ሰው ሁሉ የከፈለበትን ጋሪ ወርዶ ይገፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ሴቶቹ ፕሊሴ ቀሚስ ለብሰን፣ ሻሻችንን አስረን፣ እግራችን ላይ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርገን እንወጣለን። ኮንጎ ጫማ ፀሐይ ሲመታው እግር ይቀቅላል፣ ጭቃ ላይ ግን እሱን የሚያህል የለም፤ የዳሞታ ተራራ ዝናብ ሲወርድ መንገዱ ሁሉ ቀይ ሊጥ ነበር። ሰፈራችን ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ቴፑን በሩ ላይ አስቀምጦ የመዘምራን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያሰማናል። ባትሪው ሲደክም መዘምራኑም አብረው ይደክማሉ፣ ድምፃቸው እየወፈረ ይጎተታል። እኛም ጓሮ ለጓሮ ሆነን እንደዚያው እየጎተትን እንከተላቸዋለን።

ያኔ ቤታችን ከሶርሳና ከአማረች ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰን ነበር። አጥር ልበለው እንጂ የእንሰት ተክልና ጥቂት እንጨት ነው፤ መሀሉ ላይ ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረችው። ሶርሳ አናጢ ነው። የሰው ቤት በቆርቆሮ እየከደነ የራሱ ቤት ሣር ነበር፣ ስለዚህ አንዲት ጊደር ያሳድጋል፤ ጊደሯ ስትደርስ ተሸጣ ቆርቆሮ ትሆናለች። ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን እየዳበሰ "እደጊ የኔ ጣራ" ይላት ነበር። ሚስቱ አማረች የበዴሳ በኩል ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ሰላምታ እንኳ በጭንቅላቷ የምትሰጥ። ልጃቸው ምሕረት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያች ቀዳዳ ስትወጣ ስትገባ የምትውል ልጅ ነበረች። የምትመጣው ለኔ አልነበረም፤ ለሻሾ ነው።

ሻሾ ውሻችን ነው። ቡናማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው። የልጆቼ አባት ባሳ ከበዴሳ የከብት ገበያ በኮቱ ውስጥ ይዞት የመጣ ነው። ውሻ ይታሰራል የሚባል ነገር እኛ አናውቅም ነበር። ያገኘውን በልቶ፣ ያሻው ቦታ ተኝቶ፣ ማታ ደጅ ላይ ይጮሃል። ገበያ ስሄድ ይከተለኝና ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይሄዳል። ምሕረት ጀርባው ላይ ትወጣበታለች፣ ጆሮውን ትስባለች፤ እሱ አይኑን ጨፍኖ ይችላታል።

ያን ዓመት መስቀል ሲቃረብ አንድ ያበደ ውሻ ገበያ መሀል ገባና ሰዎች ነከሰ። ጎዳሬ የሚሸጡ ሴቶች እቃቸውን ጥለው ሸሹ። ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ውሻ ባየ ቁጥር ድንጋይ ያነሳ ጀመር። ቀበሌ ጠራን። ሊቀመንበሩ ቆሞ አዲስ ደንብ አነበበ፣ ውሻ ሁሉ በሦስት ይመደባል ተባለ። ሰው የነከሰ ወይም ሊነክስ የሚዘል አደገኛ ነው፣ እሱ ሀ ነው፤ ቀንም ማታም በብረት ሰንሰለት ይታሰራል፣ የጌታው በር ላይ ቀይ ክብ ይቀባል። የሚጮህ ግን የማይነክስ ለ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ባለቤት የሌለው ሐ ነው፤ ለእሱ መርዝ ያለበት ሥጋ ይወጣለታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ሰው የነከሰ ውሻ እንዳይገደል፣ ዐሥር ቀን ታስሮ እንዲታይ ተብሎ ተነበበ። ይህቺን መጨረሻ ያዳመጣት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሀ ላይ ቀርቶ ነበር። ለእኛ ሀ ማለት የፊደል መጀመሪያ ነው፤ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ እንደመውጣት አድርገን ያዝነው።

መዝጋቢዎቹ እኛ ቤት የመጡ ዕለት ሊቀመንበሩ ከፊት፣ የከብት ሐኪሙ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ከኋላ ነበሩ። ሐኪሙ ቀጭን ወጣት ነው፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሚቀር።

"ውሻችሁ ይነክሳል?" አለ ሊቀመንበሩ።

እኔ ኧረ ልጆች ይጋልቡታል ልል አፌን ስከፍት ባሳ ቀደመኝ።

"ይነክሳል እንጂ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌባ ሱሪውን ጥሎ ነው የሄደው።"

"የቱ ሌባ?" አልኩት በወላይትኛ፣ ቀስ ብዬ።

"አንቺ ተኝተሽ ነበር" አለኝ።

ሐኪሙ ወደ ታች አየ። ሻሾ የጫማውን ማሰሪያ እየላሰለት ነበር። "ይሄ ነው የሚነክሰው?"

"አሁን ቀን ስለሆነ ነው" አለ ባሳ።

ሶርሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ይሰማ ነበር። "ባሳ፣ ስንት ሰጡህ?"

"ሀ ነዋ።"

"ውሻ የለኝም እንጂ እኔም ሀ ነበርኩ።"

"አንተ ራስህ ሐ ነህ፣ ስትዞር ነው የምትውለው" አለው ባሳ፣ ሁላችንም ሳቅን። ሐኪሙ በራችን ላይ ቀዩን ክብ ቀባው። ባሳ ሌባ ከሩቅ አይቶ እንዲመለስ ነበር ሐሳቡ፤ ማታ በሩ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየው ነበር። የዘይት ቀለሙ ሽታ ቤት ድረስ ገባ።

በነጋታው ሰንሰለት ተገዛ። ሻሾን ከቤቱ ኋላ፣ እንሰቱ ሥር፣ ከሶርሳ አጥር አጠገብ እንጨት ተክለን አሰርነው። መጀመሪያ ጨዋታ መሰለው። ከዚያ ሳበው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲስበው ዋለ። ያንን የብረት ድምፅ ልጆቼ፣ አሁንም ከሰው ግቢ ስሰማ ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ እናንተ ለምን መንገድ ትሻገሪያለሽ የምትሉኝ ለዚህ ነው። እህል ስፈጭ ይሰማኛል፣ ስጸልይ ይሰማኛል። አንገቱ ላይ ፀጉሩ አለቀ። በጥቂት ቀን ጅራቱን መቁላት ተወ፣ ሰው ሲያልፍ ጥርሱን ማሳየት ጀመረ። "ፍታው፣ ይሄ ውሻ ጠባዩ እየጠፋ ነው" አልኩት ባሳን። "እንዴት ልፍታው? ሀ ብለው መዝግበውታል። ከፈታሁት እቀጣለሁ" አለኝ። ለ ነበር ማለት ደግሞ አፈረ። ምሕረትን "ወደሱ አትሂጂ" እያልኩ መከልከል ጀመርኩ። እሺ ትለኛለች። ልጅ እሺ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መስቀል አልፎ ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የዳጣ ቃሪያ እየፈጨሁ ነበር። መጀመሪያ የሰንሰለቱ ድምፅ ቆመ። ድምፁ ሲቆም ነው የደነገጥኩት። ከዚያ የልጅቷ ጩኸት መጣ። ስደርስ ክንዷን ከክርኗ በታች ይዞ ለቆታል፣ እሱም ወደ ኋላ ሄዶ እንሰቱ ሥር ተጣብቋል። ደሙ በጣቶቿ ያልፋል። ብድግ አድርጌ ወሰድኳትና በልብስ ሳሙና አጥቤ አጥቤ፣ እጄ ላይ የነበረው ዳጣ አይኔ ገብቶ እያቃጠለኝ፣ እኔም እሷም እናለቅሳለን። አማረች በቀዳዳዋ ገባች። ቀዳዳዋ ለእሷ አትበቃም ነበር፣ እንዴት እንደገባች አላውቅም። ልጇን ከእጄ ተቀበለች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሶርሳ መጥረቢያውን ይዞ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። በሰፈራችን የቆየ ልማድ አለ። ሰው የነከሰ ውሻ በጌታው እጅ፣ በተነከሰው ሰው ደጃፍ ላይ ይገደላል። ከጅራቱ ፀጉር ተቆርጦ ይቃጠልና አመዱ በቅቤ ተለውሶ ቁስሉ ላይ ይደረጋል። ከዚያ አብረው ይቀመጣሉ፣ ነገሩ አለቀ ይባላል፣ ቂምም አይኖርም። ባሳ አንገቱን ደፍቶ "ይገባል" አለ፣ ሰንሰለቱን ሊፈታ ሄደ። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩና ሐኪሙ እያለከለኩ ደረሱ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

"አይገደልም" አለ ሊቀመንበሩ። "ደንብ ነው፣ ተነቦላችኋል።"

"ልጄን የነከሰ ውሻ አጥሬ ሥር እየበላ ይኑር?" አለ ሶርሳ።

"አዎ፣ ይብላ" አለ ሐኪሙ። "ጋሽ ሶርሳ፣ ውሻው ከተገደለ ታሞ እንደነበር በምን እናውቃለን? ዐሥሩን ቀን በልቶ ጠጥቶ ከኖረ ልጅቷ ደህና ናት። ከታመመ ግን መርፌ ያስፈልጋታል፣ ቶሎ።"

"መርፌው የት ነው?"

"እዚህ የለም። አዲስ አበባ ነው። ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል።"

"አሁኑኑ ብትሄድስ?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"ብትሄድ በጣም ጥሩ ነው።"

ሶርሳ ዞር አለ። ወደ ቤቱ በኩል አየ፣ ጊደሯ ከታሰረችበት በኩል። አዲስ አበባ መሄድ፣ እዚያ መሰንበት፣ መመለስ፤ ጣራው ዐይኑ ፊት ሲፈርስ አየሁት። "ውሻው እየበላ ከሆነ ጊደሬን ምን ብዬ ነው የምሸጠው? ሐኪሙ ራሱ ደህና ናት ብሏል" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንደዚያ አትያዙት። ድሃ ሰው ተስፋ ሲሰጡት አጥብቆ ይይዛል።

ሐኪሙ ምልክቶቹን ዘረዘረ፤ ለሀጭ ማዝረብረብ፣ እንጨት መንከስ፣ ድምፅ መለወጥ፣ ውሃ መፍራት፣ እህል መተው። አማረች በራቸው ላይ ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

"ካልበላ ትሄዳለች?"

"ካልበላ አንድ ቀን አትቆይም፣ እናቴ። እኔ ራሴ ሊቀመንበሩን ይዤ መጥቼ ወደ አዲስ አበባ አስወጣታለሁ።"

ሶርሳም "ካልበላማ እሸጣለሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ" አለ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት።

ውሻውን የማበላው እኔ ስለሆንኩ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ በየጠዋቱ ወደ ሥራው ሲሄድ በራችን ላይ ቆሞ "የማርቆስ እናት፣ በላ?" ይለኛል። ማርቆስ የበኩር ልጄ ነው፣ ሰፈሩ በሱ ነው የሚጠራኝ። "በላ" እለዋለሁ። በላ ስል ትንሽ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ደግሞ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሻሾ ሲያዛጋ መንጋጋው ደረቀ እላለሁ። ሲተኛ ደከመ እላለሁ። ሲጮህ ድምፁ ያው ነው ወይ ብዬ ባሳን እጠይቃለሁ። በዚያው ሰሞን የቀበሌ ሰዎች መርዝ ያለበትን ሥጋ ለሐ ውሾች መንገድ ለመንገድ ጣሉ። ቁራ አንስቶ ግቢያችን ቢጥልስ? ውሻው በመርዝ ቢሞት በምን እንደሞተ ማን ያውቃል? ግቢውን በቀን ሁለት ሦስቴ እጠርግ ነበር፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያነሳሁ። ልብስ ሰፊው ጋ መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኔ አብሬ መጎተቱን ትቼ ነበር።

መጀመሪያ በልቷል። ከዚያ አንድ ጠዋት ቆጮ ቆርሼ ሰጠሁት። አሸተተው። ወደ እኔ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን እግሩ ላይ አጋደመ። ቤት ገባሁና የልጆቹን ምሳ ኩርኩፋ አሙቄ ይዤ ወጣሁ፤ በቆሎውን ከጎመኑ ጋር እንደሚወደው አውቃለሁ። አንዴ ላሰው፣ ተወው። አጥንት አመጣሁ። አጥንቱን ወሰደና ሳይግጠው አጠገቡ አስቀመጠው። ውሃ ስሰጠው ግን ጠጣ። ውሃ መጠጣቱ መልካም ነው፣ እህል መተዉ መጥፎ ነው፤ የትኛውን ልመን? ሐኪሙ በዚያ ጠዋት አልመጣም፣ ገጠር ወጥቷል ተባለ።

ባሳ "ዝም በይ፣ ነገ ይበላል" አለኝ። "ውሻ አንድ ቀን እህል ቢተው ምን ይገርማል? ከተናገርሽ ሶርሳ ጊደሩን ይሸጣል። ነገ ከነገ ወዲያ ውሻው ደህና ቢሆን ከሰው እንዴት እንኖራለን?"

"ደህና ባይሆንስ?"

በአጥሩ ማዶ ምሕረት የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ ይዛ በአንድ እግሯ ሱዚ ትዘላለች። የገመዱን ሁለት ጫፍ ሁለት እንሰት ላይ አስራለች፤ የሰፈሩ ልጆች ከሷ ጋር እንዳይጫወቱ እናቶቻቸው ከልክለዋቸው ነበር።

በማግስቱም ሻሾ አልበላም። ምግቡን እንኳ አላሸተተውም፣ ሆዱን ወደ ፀሐይ ሰጥቶ ተኝቷል። ሐኪሙ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። የግራ ጫማዬን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አድርጌ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ቤቱ ሄድኩና ከበሩ አወጣሁት። ነገርኩት። መጥቶ ከሩቅ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። "ውሃ ጠጥቷል?" አለኝ። ጠጥቷል አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ። "እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በልጅ ሕይወት እርግጠኛ እስክንሆን አንጠብቅም።"

ሶርሳ ሲነግሩት ግድግዳው ላይ ተደገፈ። "ሁለት ቀን ሙሉ አልበላም? አየሽ? አንቺ ራስሽ አየሽ?" አለኝ። አየሁ አልኩት። አማረች ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትወጣ ልብስ የተቋጠረበት ሻሽ ይዛ ነበር። ጊደሯ ያን ዕለት ለአንድ የበዴሳ ነጋዴ ሄደች። ችኩል ሻጭን ነጋዴ ይወዳል፣ እንዴት ባለ ዋጋ እንደሄደች ባልናገር ይሻላል። ማለዳ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ቆሎና ሙዝ ቋጥሬ ነበር። አማረች ፊቴን ሳታይ ተቀበለችኝ። ሶርሳ ሰላምታዬን አልመለሰም። ምሕረት ብቻ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ "ሻሾን እንዳትመቱት" አለችኝ፣ የፊት ጥርስ በሌለው አፏ።

ቤት ስመለስ ሻሾ ቆሞ ነበር። ያደረውን ቆጮ በልቶ ጨርሷል። ሌላ ሰጠሁት፣ ዋጠው። ኩርኩፋውን ድስቱን እስኪልስ በላው። ልመልሳቸው ነጠላዬን ሳላነሳ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ከተለያየን ብዙ አልሆነም፣ አውቶቡሱ ግን ወጥቷል፤ የጭሱ ሽታ ብቻ ነው የቀረው። ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። "ይሂዱ ግዴለም" አለኝ፣ ግን እሱም ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ዐሥሩ ቀን ሞላ። ሻሾ ወፈረ እንጂ አልሞተም። እነሱ ሲመለሱ ምሕረት ቀሚሷን ገልባ ሆዷን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አሳየች፤ አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ነጠብጣብ ሆኗል። የነገሩን አስቂኝ በኩል ሰፈሩ ያዘው። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ "የማርቆስ እናት፣ ውሻሽ ጾም ይዞ ነበር አሉ?" ይሉኛል። "ለምን ጸሎት ቤት አታስመዘግቢውም?" ትላለች ሌላዋ። ሶርሳ ግን አልሳቀም። አጥሩ ጋ ቆሞ "አንድ ቀን ብትጠብቂ ምን ነበረበት? ጊደሬ ሄደች፣ የልጄ ሆድ ወንፊት ሆነ" አለኝ። ምን እመልሳለሁ? በማግስቱ ቀዳዳዋን በእንጨት ዘጋት። አናጢ የዘጋው ነገር አይከፈትም።

ሻሾ ጠባዩ ሲመለስ፣ ሐኪሙ ራሱ ለ ብሎ መዘገበውና ሰንሰለቱ ወለቀ። ብዙ ክረምት ኖረ። እኔ ግን ዐይኔን ማመን ተውኩ። ወጥ ላይ ጨው ጨምሬ ባሳን "ጨው አለው?" እል ነበር። ልጅ ሲያተኩሰው "እናንተ ንኩት፣ የኔ እጅ አይታመንም" እል ነበር። በደንብ አላየሁም ይሆን? ምግቡ ቀዝቅዞበት ይሆን? እያልኩ ስንት ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ ያንን ቆጮ መልሼ መላልሼ ለዚያ ውሻ ሰጠሁት። ከሶርሳ ጋር በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፣ "ደህና ነሽ" "ደህና ነህ" እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም ነበር። የሣር ጣራው ሲያፈስ በክረምት ይሰማኛል፣ ባልዲ ሲደረድሩ።

ከተማው ዛሬ ሌላ ሆኗል። ልብስ ሰፊው የነበረበት ፎቅ ነው፣ ሥሩ የሞባይል ሱቅ። ጋሪው የቆመበት ባጃጆች እንደ ጉንዳን ይተራመሳሉ። ምሕረት አስተማሪ ሆና፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሶርሳ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ዐረፈ። ለቅሶ ሰንብቼ፣ ሰው ሲሳሳ አማረች አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሁለታችንም አርጅተናል። ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል፣ ምሕረት በደመወዟ ያስከደነችው። ዝናብ እየመታው ነበር፣ ስለዚህ ጠጋ ብላ ነው በወላይትኛ የነገረችኝ።

"የማርቆስ እናት፣ እኔ ወንድም ነበረኝ" አለችኝ። "በዴሳ። ውሻ ነክሶት ሽማግሌዎቹ ውሻውን ገደሉ፣ ፀጉሩን አቃጥለው ቀቡት፣ አለቀ አሉ። በቆሎው ሳይደርስ ከቤት ምሰሶ ጋር ታስሮ ሞተ። ውሃ አምጡ እያለ፣ ውሃ ስናመጣ እየጮኸ። ለሶርሳ ነግሬዋለሁ። ያ ሌላ ውሻ ነው አለኝ። ዐሥር ቀን ቁጭ ብዬ የውሻ አፍ እያየሁ ልጠብቅ? አልቻልኩም።"

"ታዲያ?"

"ሐኪሙ ካልበላ ትሄዳለች ሲል ሰማሁት።"

ዝናቡ ትንሽ በረታ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ማለዳ ወደ ጸሎት ስወጣ በጓሮ እዞር ነበር። ከመስቀል የተረፈውን ደረቅ ጨጓራ ከቆጮ ጋር ቀቅዬ፣ በአጥሩ ሥር። ያውቀኛል፣ አይጮህብኝም። መቆም እስኪያቅተው አበላው ነበር።"

"ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ" አልኳት። "ስንት ዓመት ነው።"

"ብነግርሽ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ በላ ትይው ነበር" አለችኝ። "አንቺ መዋሸት አትችይም። የኔ ነገር የቆመው በዚያ ላይ ነው።"

ሶርሳ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው፤ ባሳም ከሱ በፊት ሳያውቅ ሞቷል። ሻሾ በእነዚያ ሁለት ቀናት አልታመመም ነበር፤ እኔ ከመነሳቴ በፊት ጠግቦ ነበር።